የሳማንቺር አጋይ አራት መቶ አሥራ ሁለት ፋይሎች

ሳማንቺር አጋይ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ቤቴ መጡ። ረጅሙን ነጭ ኮፍያቸውን እንኳ ሳያወልቁ አንዲት ፍላሽ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣ «ቅዳሜ ጉትቻ ይዘው ይመጣሉ። እስከዚያ ይኼን ሁሉ አንብቤ መጨረስ አለብኝ» አሉኝ።

«ለማን ነው ጉትቻው?»

«ለቡሩላይ ነዋ!»

ቡሩላይ የወንድ ልጃቸው የማክሳት ልጅ ናት። ዋና ከተማችን ቢሽኬክ ነርስ ሆና ስትሠራ ኤርማት የሚባል የታላስ አገር ልጅ ወደደች። የኤርማት ወገኖች እዚህ ናሪን ድረስ መጥተው ጉትቻውን በገዛ እጃቸው ጆሮዋ ላይ ካጠለቁ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማፍረስ ለሁለቱም ወገን ውርደት ነው። ስለዚህ ማጣራት የሚቻለው እስከ ቅዳሜ ብቻ ነበር።

የሚጣራው ሰባቱ አባት ነው። እኛ ዘንድ ልጅ ፊደል ሳይቆጥር በፊት ሰባት አባቶቹን ይቆጥራል። የሁለቱ የጋራ አባት በአንዳቸው በኩል እንኳ ከሰባቱ ውስጥ ከገባ እህትና ወንድም ናቸው፣ አይጋቡም። በሁለቱም በኩል ስምንተኛ ከሆነ ግን ማንም ቃል አይናገር፣ ይደገሳል።

በእኛ አገር ይህን የሚያጣሩት ደግሞ ራሳቸው ሳማንቺር አጋይ ናቸው። ሰውየው የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ፤ እኔንም አስተምረውኛል፤ «አጋይ» የምንላቸውም ለዚሁ ነው። አርባ አንድ ዓመት በፈረስም በአውቶቡስም እየዞሩ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ሲጽፉ ኖረዋል። በእሳቸው ቃል ሦስት ጋብቻ ፈርሷል። አንደኛው የአክስቴ ልጅ ጋብቻ ነበረና፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ለብዙ ዓመት ቂም ይዤባቸው ነበር። ሰላምታ ብቻ ነበር የቀረን።

«ታዲያ ምን ያስጨንቅዎታል?» አልኳቸው። «ታላስ ሩቅ ነው። ከታላስ ሰው ጋር የት ይገናኛሉ?»

«የልጁ አያት በስልክ አባቶቹን ቆጠረልኝ። ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ‹ቦቶካራ› አለ።» ኮፍያቸውን በአንድ ጣት ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። «እኛም ቦቶካራ አለን። ይኼው ሰው ይሁን ሌላ ሰው ይሁን አላውቅም። በሰማንያ ሦስት ታላስ ሄጄ የጻፍኩት አለ፤ ግን ከየትኛው ፋይል ውስጥ እንደሆነ ጠፋኝ።»

«ስንት ፋይል ነው?»

«አራት መቶ አሥራ ሁለት። ከእሑድ ጀምሬ ሠላሳ አንዱን አነበብኩ። አንዱን ስከፍት ያቺ ቀለበት ትሽከረከራለች፣ ሻዬን ጠጥቼ እመለሳለሁ፣ አሁንም ትሽከረከራለች። ሦስት በአንዴ ስከፍት ደግሞ ኮምፒዩተሩ ድርቅ ይላል። አንቺ ኮሌጅ ኮምፒዩተር ታስተምሪ የለ? ያንቺው ፈጣን ነው ብዬ ነው የመጣሁት።»

«የእኔማ ከእርስዎም ያረጀ ነው» አልኩ፤ ከአፌ ካመለጠ በኋላ ደነገጥኩ፤ እሳቸው ግን ሳቁ። «አጋይ፣ ፋይሎቹን አንከፍታቸውም።»

«ሳይከፈት የሚነበብ ደብተር አለ እንዴ?»

ተማሪዎቼ በጀርባዬ «ማውዝ ጠሏ» ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። አንድ ነገር አራት መቶ ጊዜ መጫን ሥራ መስሎት የሚውል ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ። ምንም ሥዕል የለውም፤ ትእዛዝ የሚጠብቅ አንድ ነጭ ጭረት ብልጭ ድርግም ይልበታል።

«ተበላሸ?» አሉ አጋይ።

«አልተበላሸም። የሚከፍቱት የጽሕፈት ፕሮግራም ሁለት ነገር ነው። አንዱ የሚያዩት ነው፣ ነጩ ወረቀት፣ ቁልፎቹ፣ ያቺ ቀለበትዎ። ሌላው ሥራውን የሚሠራው ነው። ሠራተኛውን ለብቻው መጥራት ይቻላል።»

አንድ መስመር ጻፍኩ። ወደ ሰው ቋንቋ ቢመለስ እንዲህ የሚል ነው፦ መስኮትህን አትክፈት፣ እዚህ ማህደር ውስጥ ያለውን ሁሉ ወደ ተራ ጽሑፍ ለውጥ፣ የለወጥከውን እዚያኛው ማህደር አስቀምጥ። ከዚያ ቁልፉን ተጫንኩ። የፋይሎቹ ስም አንድ በአንድ ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመረ፤ ዓይን ከሚከተለው በላይ እየፈጠነ ሄደ።

አጋይ ወንበራቸውን ሳቡ። «ማን ነው የሚከፍታቸው?»

«ፕሮግራሙ ራሱ።»

«የት አለ ታዲያ?»

«እዚሁ ነው። ፊቱን አላሳየንም እንጂ።»

«ፊቱን ሳያሳይ የሚሠራ!» አሉና ጉልበታቸውን መታ አደረጉ። «ድሮ አንድ ርዕሰ መምህር ነበረን፣ ፊቱን እያሳየ የማይሠራ። ምነው ያኔ ይኼን ባወቅን!»

የሰጠኋቸውን ቦርሶክ፣ የተጠበሰውን ሊጥ፣ ገምጠው ሳይጨርሱ አራት መቶ አሥራ ሁለቱም አለቁ። ሁሉንም አንድ ላይ አጣበቅኳቸውና ስንት መስመር እንደሆነ ጠየቅኩት፤ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሆነ። እያንዳንዱ መስመር አንድ ሰው ነው። ስም፣ አባት፣ የተወለደበት ዓመት፣ እናት፣ እናት የተወለደችበት ዓመት፤ በመካከላቸው ሁልጊዜ ነጠላ ሠረዝ። የጥንቶቹ ሰዎች ዓመትም እናትም የላቸውም፤ ከጥንት በኋላ ያሉት ግን ሁሉም ተሟልተዋል። ካስተማሩኝ መምህራን ሁሉ እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው አላየሁም። ቂሜ ትንሽ ረገበ።

«አሁን ይጠይቁት» አልኳቸው።

«ምን ልጠይቀው?»

«የፈለጉትን ይጠይቁት። የምናውቀውን እናስቀድም፣ ልክ መሆኑን እንይ።»

ኮፍያቸውን አወለቁ። ከመጡ ገና አሁን ማለት ነው። «ቶክቶሱን የሚባል ስንት አለ?»

ሁለት ትእዛዝ በአንድ መስመር ጻፍኩ። የመጀመሪያው ስሙ ያለበትን መስመር ሁሉ ይለቅማል፤ የለቀመውን ለሁለተኛው ያቀብለዋል፤ ሁለተኛው ይቆጥራል። ሁለት መቶ ስድሳ ሦስት አለ።

«ሁለት መቶ ስድሳ ሦስት» አሉ ቀስ ብለው። ይህን ስም የምታወጣ ልጆች የሞቱባት እናት ናት፤ ይኼኛው እንኳ ይቅርልኝ ማለቷ ነው። «በየትኛው ዓመት ነው የሚበዙት?»

ሦስተኛ ትእዛዝ ጨመርኩ፤ የዓመቱን ዓምድ ነጥሎ የሚወስድ። አራተኛው ደግሞ በብዛታቸው ይደረድራቸዋል። 1917ና 1934 ከላይ ወጡ፤ ሕዝቡ ተራራ ተሻግሮ ከሸሸበት ዓመት ቀጥሎ ያለው፣ ከረሃቡም ቀጥሎ ያለው። አጋይ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ።

«እያንዳንዱን በእጄ ጽፌዋለሁ እኮ» አሉ። «አርባ አንድ ዓመት ስጽፈው ይኼን አላየሁትም።»

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው! ብዙ ዕድሜ የኖረው ማነው? ሴት ልጆች ብቻ የወለዱ ስንት ናቸው? በአባቱ ስም የተጠራ ልጅ አለ? አንዱን ጥያቄ ስመልስ ሁለት ይወልዳሉ። አንዳንዱን ወዲያው አገኘሁት፤ አንዳንዱ ደግሞ ላብ አስወጣኝ፤ ትእዛዙን ስሳሳት ማሽኑ በአንድ መስመር ይዘልፈኛል፣ እሳቸው «ምን አለሽ?» ይላሉ፣ እኔ «አልገባኝም አለኝ» እላለሁ። «ተማሪ ሆነሽም እንዲሁ ነበርሽ» አሉኝ አንዴ። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ እንደገና አፈላሁ፣ እንደገና ቀዘቀዘ። ወላሂ፣ ያን ያህል ደስ ብሎኝ የሠራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ቦቶካራን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሆን ብለው እያዘገዩት እንደሆነ ገብቶኝ ነበር።

አራት ቦቶካራ ወጣ። ሁለቱ የቅርብ ዘመን ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ገና ልጅ ነው። ሌላው ሳይወልድ ሞቷል። የቀሩት ሁለቱ ጥንታውያን ናቸው፤ አንዱ በእኛ ቤት ፋይል፣ ሌላው አጋይ ታላስ ሄደው በጻፉት ፋይል ውስጥ። የሁለቱም አባት አንድ ነው። ሦስቱ ወንድሞቻቸውም በስም አንድ ናቸው። የታላሱ መስመር መጨረሻ ላይ ደግሞ «ከወንድሞቹ ተጣልቶ፣ አንዱን ልጁን እዚያው ትቶ፣ ተራራውን ተሻገረ» የሚል አለ።

«አንድ ሰው ናቸው» አሉ አጋይ።

ቀጥሎ ለመቁጠሪያ የሚሆን ዘጠኝ መስመር ጻፍኩ። ስም ትሰጡታላችሁ፣ አባቱን ያወጣል፤ የአባቱን ስም ይዞ ተመልሶ የእሱን አባት ይፈልጋል፤ ቦቶካራ ጋ ሲደርስ ስንተኛ እንደሆነ ይናገራል። አያቱ በስልክ የቆጠሩትን አክዬ መጀመሪያ ኤርማትን ሰጠሁት። ስምንት አለ። ከዚያ ቡሩላይን ሰጠሁት። ማክሳት፣ ሳማንቺር፣ ኦሮዝባክ እያለ ወጣና ሰባት አለ።

ደግሜ አስኬድኩት። ሰባት።

አጋይ የሻዩን ስኒ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወደ መካከል ገፋ አደረጉት፣ መልሰው ወደ ጠርዙ ሳቡት። በዚያው ቅጽበት ስልካቸው ጮኸ፤ ቡሩላይ ናት። ድምፅዋ ለእኔም ይሰማኛል።

«አያቴ፣ ምን ተገኘ? ሳይራ ኤጄ አገኘችው?» እኔን ነው፤ ኤጄ ታላቅ እህቴ ማለት ነው።

«ገና ነን ልጄ። ነገ እነግርሻለሁ።»

«ያው ሰውዬ ካልሆነ ወዲያው ደውልልኝ እሺ? ያው ከሆነም ደውልልኝ። አይ፣ ከሆነስ አትደውል።» እየሳቀች ነው ያለችው፤ ግን ሳቋ ወዲያው ተሰበረ። «አያቴ፣ እኔ ከዚህ ልጅ በቀር አልፈልግም።»

ስልኩን ዘጉና ኮፍያቸውን አደረጉ። «ነገ እኔው እነግራታለሁ» አሉ። «ለሦስት ሰው አይቻልም ብያለሁ። ለራሴ ልጅ ሲሆን ይቻላል ብል ማን ያምነኛል?»

ተናደድኩ። በእሳቸው ነው የተናደድኩት፣ በሰባት ቁጥርም፣ ያንን ዘጠኝ መስመር አሳምሬ በጻፍኩት በራሴም። በሩ ጋ ሲደርሱ፣ «አጋይ፣ ነገ ተመልሰው ይምጡ» አልኳቸው። «የወረቀት ደብተሮቹንም ይዘው ይምጡ። ቁጥር ከማመን በፊት የተቆጠረው ነገር ልክ መሆኑ ይታያል። ፋይሉ ውስጥ ስሕተት አይጠፋም።»

«የእኔ ፋይል ውስጥ?» ግንባራቸው ተቋጠረ።

«በሁለት ጣት አሥራ ዘጠኝ ሺህ መስመር የጻፈ ሰው አይሳሳትም?»

በሩን ዘግተው ሄዱ። አይመጡም ብዬ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ግን ከእኔ ቀድመው ደጄ ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ ሁለት ዘንቢል ሙሉ ደብተር ይዘዋል። ፊታቸው ገርጥቷል። ዳቦና ክሬም አቀረብኩላቸው፣ አልነኩትም። «ጠይቂው» አሉ ብቻ።

የማይሆን ነገር እንዲፈልግልኝ አዘዝኩት። ከአባቱ ቀድሞ የተወለደ ልጅ ካለ አውጣ፤ ከአሥራ አራት ዓመቷ በታች ወይም ከሃምሳ ዓመቷ በላይ የወለደች እናት ካለች አውጣ። አንድ መስመር ናት ትእዛዟ። አሥራ አንድ ሰው አወጣ።

የመጀመሪያውን ሲያዩ አጋይ ሳያስቡት ሳቅ አመለጣቸው። «ይኼ ሰውዬ አባቱን በአራት ዓመት ይበልጠዋል!» ደብተሩን ገልጠው አዩ፤ ስድስትን ዘጠኝ አድርገው ነው የጻፉት። አስተካከልነው። ሁለተኛዋ እናት በስምንት ዓመቷ ወልዳለች፤ ይህም የጣት ስሕተት ነው። ሦስተኛው፣ አራተኛው እንዲሁ። እያንዳንዱ ስሕተት ሲገኝ እንደማዘንም እንደ መደሰትም ይላሉ፤ በእርሳስ ደብተሩ ዳር ምልክት ያደርጋሉ። «ይኼ ፊት የለሽ ከእኔ የባሰ መምህር ነው» አሉ። ትንሽ ቀለል ብሏቸው ነበር። ክሬሙንም ቀመስ አደረጉ።

አሥረኛውን ጨርሰን ወደ መጨረሻው ወረድኩ።

ሳማንቺር፣ ኦሮዝባክ፣ 1946፣ ባትማ፣ 1889።

እናትየው ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው።

ሲገባኝ ፊቴ ጋለ። ይህ የማይገባው የአገሬ ሰው የለም። የበኩር ልጅ የአያቶቹ ነው፤ ጡት ሲተው ይወስዱታል፣ እነሱን አባባ እማማ እያለ ያድጋል፣ የወለደውን አባቱን ‹ወንድሜ› ይላል። የእኔም ታላቅ ወንድም እንዲሁ ነው ያደገው፤ እናቴን ‹የወንድሜ ሚስት› ብሎ ሲጠራት እሷ ትስቃለች፣ ሰው ከሄደ በኋላ ግን ሳህን ታጥባለች፣ የታጠበውንም ደግማ ታጥባለች። ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። በተለይ ለራሱ ለልጁ አይነገርም። እኔ ደግሞ ስሙን በነጭ ፊደል ጥቁር ላይ አውጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩት። እንደ ማንም መስመር። ስክሪኑን ለማጥፋት እጄን ሰደድኩ።

«ተዪው» አሉ።

ቆሜ ቀረሁ።

«ደብተር ማየት አያስፈልግም። ይኼኛው የጣት ስሕተት አይደለም።» መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ጠረጉት። «ሁሉም ሰው አፍሮኝ ሰባ ስምንት ዓመት ሳይጠይቀኝ ኖረ። ማሽንሽ ማፈር አያውቅም።»

«አጋይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ—»

«ቁጭ በይ።»

ተቀመጥኩ።

«ጃንጋዚ የሚባል ወንድም ነበረኝ» አሉ። «በሠላሳ ዓመት ይበልጠኛል። ከጦርነት ተመልሶ ሚስት አገባ፣ እኔ ተወለድኩ። ባትማ ጡት ስተው ወሰደችኝ። አሥር ዓመት ሲሆነኝ አንድ ልጅ ትምህርት ቤት ነገረኝ። ሮጬ ሄጄ ባትማን ጠየቅኳት። ሁለት ቀን እህል ሳትቀምስ አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን ማልኩላት፤ ‹ካንቺ ሌላ እናት የለኝም፣ ማንም ሌላ እንዲል አላደርግም› አልኳት። መሐላዬን ጠብቄያለሁ። የወለደችኝን ‹የወንድሜ ሚስት› እያልኩ ቀበርኳት።»

«ሰው ሁሉ እንዲህ ነው እኮ አጋይ። የእኔም ወንድም—»

«ሰው ሁሉ መዝገብ አይጽፍም። እኔ ጽፌያለሁ።» ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳረፉ። «ጃንጋዚ በ1987 ሞተ። ከድንኳኑ ደጅ ልጆቹ ወገባቸውን ታጥቀው፣ ዱላ ተደግፈው ‹አባቴ! አባቴ!› እያሉ ያለቅሳሉ። እኔ የሁሉም ታላቅ፣ አጠገባቸው ቆሜ ‹ወንድሜ› እያልኩ አለቀስኩ። ለቀስተኛው ሁሉ ያውቃል። ሁሉም እየሰማኝ ያልፋል። የዚያን ቀን ጉሮሮዬ ውስጥ የቀረ ነገር አለ።»

ውጭ የዛሪፓ፣ የጎረቤቴ፣ ዶሮዎች ይጫጫሉ።

«ትናንት ያ ሰባት ሲወጣ ስምንት መሆኑን አውቄያለሁ» አሉ። «ወዲያው ነው ያወቅኩት። አውቄው ነው ኮፍያዬን አድርጌ የወጣሁት።»

ደሜ ፈላ። «እንዴት አጋይ! ቡሩላይ እኮ—»

«አውቃለሁ። ዛሬ ጠዋት ሰባት ነው ልላት ደጋግሜ ስልኩን አነሳሁ። መሐላዬ ይበልጥብኛል ብዬ ነበር።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ደግሞ ሰው ምን ይላል? ሳማንቺር የሰውን ልጅ ጋብቻ ያፈርሳል፣ የራሱን ልጅ ለመዳር ግን አባቱን ይቀይራል አይሉም?»

«ይበሉ። መስመሩ እዚህ ነው፣ የባትማም ዕድሜ እዚህ ነው። መደመር የሚችል ይደምር። በሃምሳ ሰባት ዓመቷ ወለደች የሚል ካለ ይምጣና ያስረዳኝ።»

«ያፈረስኳቸውስ ሦስቱ?» አሉኝ ዓይን ዓይኔን እያዩ። «ከእነሱ መስመር ውስጥ ስንቱ እንደ እኔ ተጽፎ እንደሆነ አሁን ማን ያውቃል? ያንቺ የአክስትሽ ልጅ…»

ያ ሁሉ ዓመት እንዲሉኝ ስጠብቀው የነበረ ነገር ነው፤ ሲሉት ግን ደስ አላለኝም። «የእሱን ሌላ ቀን እንጠይቃለን» አልኩ። «ዛሬ ቡሩላይ ናት።»

ለራሳቸው እንደሚያሰሉ ሁሉ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ «ባትማ ከሞተች ሃምሳ ስድስት ዓመቷ» አሉ። «ቡሩላይ ሃያ አራቷ ነው።» ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ። «የት ነው የሚጻፈው?»

ፋይሉን እዚያው ጥቁሩ መስኮት ውስጥ ገልጬ ነጩን ጭረት መስመራቸው ላይ አቆምኩላቸው። «እኔ ልጻፍልዎ?» አልኩ።

«አይሆንም።»

በሁለት ጣት ጀመሩ። ኦሮዝባክ የሚለውን ከኋላ ወደ ፊት አንድ በአንድ ፊደል አጠፉት። የመጨረሻው ፊደል ሲጠፋ ቦታው ባዶ ሆኖ ቆየ፤ አባት የሌለው ሰው መስመር። ወዲያው አልጻፉም። ጣቶቻቸው ከቁልፎቹ በላይ ቆሙ። ከዚያ ጃንጋዚ ብለው ጻፉ። ባትማንም አጠፉ፤ እሷን ሲያጠፉ ከንፈራቸው «ይቅር በይኝ» ሲል አየሁ። በቦታዋ የወለደቻቸውን እናት፣ ኡምሱናይ፣ 1921 ብለው ጻፉ። ማስታወስ አላስፈለጋቸውም።

መቁጠሪያውን ቡሩላይን ሰጥቼ አስኬድኩት። ማክሳት፣ ሳማንቺር፣ ጃንጋዚ፣ ኦሮዝባክ እያለ ወጣ።

«ስምንት!» ብዬ ጮኽኩ። «አጋይ፣ ስምንት! በሁለቱም በኩል ስምንት!»

እሳቸው ስምንቱን አላዩትም። ዓይናቸው ከላይ፣ የራሳቸው ስምና ከሱ ቀጥሎ ያለው ስም ላይ ነበር። ስልኩን አንስተው ደወሉ፤ የመጀመሪያው ጥሪ ሳያልቅ ተነሳ።

«ልጄ» አሉ፣ «ጉትቻቸውን ይዘው ይምጡ። ቅዳሜ ሁሉም ባለበት የምናገረው አለኝ፤ ስለ አያትሽ አባት ነው። አንቺን አይከለክልሽም።»

ቡሩላይ የጮኸችው ጩኸት ከስልኩ ወጥቶ ክፍሉን ሞላው። እሳቸው እየጮኸች ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና ተነሡ። ኮፍያቸውን አደረጉ። ሊሄዱ መስሎኝ ዘንቢሎቹን አነሳሁ፤ ግን ወደ ግቢው በር አልሄዱም። በረንዳውን ወርደው ፈረስ የምናስርበት ግንድ ጋ ቆሙ፣ በሁለት እጃቸው ያዙት፣ ግንባራቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አባቴ!» ሲሉ ሰማኋቸው። «አባቴ ጃንጋዚ! አባቴ!»

የእኛ ወንዶች ደጅ ቆመው እንደሚያለቅሱት ነው ያለቀሱት፣ ሙሉ ድምፃቸውን አውጥተው፣ ለመንደር እንዲሰማ። ዛሪፓ በአጥሩ በኩል እየሮጠች መጣች፤ እጇ እስከ ክርኗ ሊጥ ነው።

«ሳይራ! ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?»

«አባታቸው» አልኳት።

ዛሪፓ የሰባ ስምንት ዓመቱን ሰውዬ አየች። መቼ ብላ አልጠየቀችኝም። እጇን በሽርጧ ጠረገችና ሄዳ አጠገባቸው ቆማ አብራቸው አለቀሰች።